ስም ያጣችው ወናፍ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተጭነው መውጣታቸውን የማያውቅ ተማሪ በዚህ ግቢ ያለ አይመስለኝም። ማን አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ምን ተናገሩ፣ መኪናዪቱስ ምን ዓይነት ቀለም ነበራት እያለ እስከ ዛሬ የሚከራከር አይጠፋም። ከኋለኛው ወንበር በስተጀርባ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ምን እንደነበረ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የእኛ ታሪክ ከወንበሩ ወደ ኋላ አያልፍም። ማን ተቀመጠ፣ ማን ወረደ እንላለን እንጂ የሚያስኬደውን ነገር ገልጠን አናይም። ይህን የምለው የታሪክ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው፤ የቴክኖሎጂ ልጆች ቢሉት ሐሜት ይሆን ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ ክዳን ሥር ስላለችው አንዲት ዕቃ ነው። ነሐስ ናት። ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጎኗ ቀለበት በቀለበት ላይ እንደተደራረበ ሆኖ የተሸበሸበ ነው፤ አንጥረኛ ከሰል የሚያናፋበትን ወናፍ አንድ ሰው አሳንሶ አሳንሶ በነሐስ የሠራው ነው የምትመስለው። ከላይ ቀጭን ዘንግ፣ ከታች ብሎን የሚገባበት ጥርስ አላት። ከሁለቱ በስተቀር የሚገባባትም የሚወጣባትም ቀዳዳ የለም፤ ድፍን ናት።

የተገኘችው ከወተት ጣሳ ውስጥ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራች ቮልስ አለቻቸው። ከቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ዶሮ ገብታ ትፈለፍልባት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አጎትየው በክረምቱ መግቢያ ላይ አራታችንን ሰብስበው፣ «ልጆች፣ ለመስቀል ካስነሣችኋት እናንተም ትነዷታላችሁ። ካልተነሣች ለቆራሌው ነው የምሰጣት፤ ግቢ ማጣበብ ይበቃታል» አሉን። ከአራታችን ሁለቱ የአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ኬሚስትሪ ነው፣ አራተኛው እኔ ነኝ። ሞተር ማውረድ በቮልስ ቀላል ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ከሥር፣ ሁለት ሰው ከላይ ሆኖ ያወርደዋል። ጣሳዋ የነበረችው ከፊት፣ ከመጠባበቂያ ጎማው ሥር ነው። ዳዶ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ ግማሽ ጓርኒሲዮን፣ እና ከሁሉም በታች በጨርቅ የተጠቀለለች ያቺ ነሐስ።

በጨርቅ መጠቅለሏን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ምን እንደሆነች የሚነግረን ፍለጋ ዞርን። ሶማሌ ተራ ያለ አንድ ዕቃ ሻጭ ገና ሲያያት «ይኼ የቮልስ አይደለም፣ የከባድ መኪና ፍሬን ነው» አለና መለሰልን። ሌላው የቤንዚን ፖምፓ አደረጋት። ምናለሽ ተራ ደግሞ «ነሐስ ነው፤ በኪሎ ልግዛችሁ» አሉን፤ ከሁሉም ያልዋሸው ይኼኛው ነው ማለት ይቻላል። ከእኛ ውስጥ ቀለሜው የቴክኖ ልጅ የተሻለ ነገር አመጣ። የአየር ግፊት መለኪያ ውስጥ እንዲህ ያለ የተሸበሸበ ድፍን ዕቃ አለ፤ ግፊት ሲቀንስ ያብጣል፣ ሲጨምር ይጨመቃል። «እንግዲህ ይህች ለከፍተኛ አገር የተሠራች ናት፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን የምታመጥን ናት» አለን። እውነት ለመናገር ግምቱ በጣም ያምር ነበር። ለአገራችን ተብሎ የታሰበ ዕቃ ማግኘት ማን ይጠላል?

ግን የሚያምር ግምት ሰነድ አይደለም። በታሪክ ክፍል አንድ ወረቀት ሲቀርብልን የምንጠይቀው የታወቀ ነው፦ የት ተገኘ፣ መቼ ተጻፈ፣ ማን ነካካው፣ ከምን ጋር ይያያዛል። ዕቃም እንደዚሁ ነው። ቁጥር ቢኖራት ነገሩ ባጭሩ ባለቀ ነበር፤ የቮልስዋገን ዕቃዎች ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር አላቸውና፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የመኪናዋን ዓይነት፣ መካከለኞቹ ሦስቱ ዕቃው የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይናገራሉ። በእኛዋ ላይ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሞተሩን ራሱን መጠየቅ ነበረብን።

ሞተሩ መጀመሪያ የነገረን ስለ ራሱ ነው። የቮልስ ሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ይመታል፤ የሻንሲው ቁጥር ደግሞ ከኋለኛው ወንበር ሥር አለ። የእኛዋ ሻንሲ የ1963 ነው ብለናል። የሞተሩ ቁጥር ግን «ዲ» በሚል የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ዲ የተጨመረው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1965 ወዲህ በተሠሩት ባለ 34 ፈረስ ጉልበት 1200 ሞተሮች ላይ ነው። ስለዚህ ይህች መኪና አብሯት የተወለደውን ልብ አውጥታ የሌላ ልብ ገብቶላታል። አጎትየው ይህን ስንነግራቸው ደነገጡ፤ ከገዟት ጀምሮ ያው ሞተር ነው የሚመስላቸው።

ቀጥሎ ቦታው መጣ። ከቀኝ በኩል ካሉት ሁለት ሲሊንደሮች በታች፣ በዘይትና በአፈር ተለስና የማትታይ አንዲት የብረት ማቀፊያ ነበረች። ባዶ ናት፤ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳዋ አፉን ከፍቷል። ከእሷ በላይ ደግሞ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ቀጭን ዘንግ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ዘንጉ የለም። ነሐሷን ወስደን ማቀፊያው ውስጥ ብናስቀምጣት እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ገጠመች። የከባድ መኪና ፍሬንም የቤንዚን ፖምፓም እዚህ ላይ ቀሩ።

የግፊቱን ግምት የጣለው ግን ኬሚስትሪው ነው። ውሃ በብረት ድስት ጣደ፣ ቴርሞሜትር ነከረ፣ ነሐሷን በሽቦ አንጠልጥሎ አስገባት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነውና ገና ሳይፈላ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ ያች የተሸበሸበች ጎን መላላት ጀመረች። በ65ና በ70 መካከል ቁመቷ አድጎ አለቀ። አውጥተን ቀዝቃዛ ውሃ ስንነክራት መልሳ ተሰበሰበች። ድስቱ ዙሪያ ቆመን አራታችንም ዝም አልን። የምትሰማው ግፊትን ሳይሆን ሙቀትን ነው። የሞተሩ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት ናት።

እዚህ ላይ «ቴርሞስታት የራዲያተር ዕቃ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ በሞተሯ ውስጥ ውሃ አይዞርም። የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመዋል፤ በላያቸው ትልቅ የላሜራ ቤት ተደፍቷል። በቤቱ ውስጥ የሚዞረው ቬንትሌተር የታሰረው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፤ ዲናሞውን ደግሞ ከኮሎው የሚመጣው ቺንጊያ ያዞረዋል። ለዚህ ነው ቺንጊያ ሲበጠስ የባትሪው ቀይ መብራት የሚበራውና ሾፌሩ «ባትሪ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ብሎ ከቀጠለ ሞተሩን የሚያቃጥለው። ነፋሱ ከላይ ወደ ታች በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ያልፍና ሞቆ ከሥር ይወጣል። የእኛ ወናፍ የተቀመጠችው በዚሁ የሞቀው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ ሲበርድ ትኮማተርና ዘንጓን ወደ ታች ትስባለች፤ ነፋሱ ይዘጋል፣ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል። ሲሞቅ ታብጥና ዘንጉን ወደ ላይ ትገፋለች፤ ነፋሱ ይከፈታል። አንጥረኛው በወናፍ እሳት ያነዳል፤ ይህች ወናፍ ደግሞ እሳቱ ሲበዛ ነፋስ ትጠራለች።

የሚዘጋውና የሚከፈተው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1964 አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ላይ ቬንትሌተሩ አየር በሚስብበት አፍ ላይ የሚቀርብና የሚርቅ የላሜራ ቀለበት ነበረ። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱ ቀርቶ በቤቱ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ በር የሚዞሩ ክዳኖች መጡ። በሁለቱም ላይ አዛዧ ያችው ወናፍ ናት። ደግሞ አንድ የሚያስመሰግን ብልሃት አላት፦ ውስጧ አየሩ ተመጦ የታሸገ ስለሆነ ድንገት ብትበሳ ትዘረጋለች እንጂ አትኮማተርም። ስትሞት ነፋሱን ከፍታ ነው የምትሞተው።

ለመሆኑ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ማነው? ለዚህ ወደ ጀርመን መሄድ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1934 ሰኔ ወር ፌርዲናንድ ፖርሸ የሕዝብ መኪና እንዲነድፍ ከጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር ጋር ውል ተፈራረመ። ሂትለር የፈለገው ዋጋ ከ1,000 ማርክ በታች ነበር። ሰዓሊ ቢጠየቅ የሚስለው ውቧን ቅርፅ ነው፤ መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ግን ሌሊቱ ነው። የጀርመን ሠራተኛ ጋራዥ የለውም። መኪናው በበረዶ ወራት ደጅ ታድራለች፤ በሞተር ውስጥ የቆመ ውሃ ከበረደ ደግሞ ብረት ይሰነጥቃል። ውሃ የሌለው ሞተር የተመረጠው ለዚህ ነው። ፍራንስ ክሳቨር ራይምሽፒስ የተባለ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ተጋድሞ የሚሠራውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነደፈ፤ የመጀመሪያው 985 ሲሲ ነበር። ሐሳቡ ሁሉ የእነሱ ብቻ ነው እንዳይባል፣ የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ በሐንስ ሌድቪንካ መሪነት ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በዚያው ዘመን ሠርቶ ነበር፤ ክርክሩም ከጦርነቱ በኋላ በካሣ ነው ያለቀው።

እንግዲህ ቮልስ የብርድ ልጅ ናት። ወናፊቱም የብርድ ዕቃ ናት።

የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1938 ተጣለ። ሕዝቡ በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር በደብተር ላይ እንዲለጥፍ ተደረገ፤ ወደ 336,000 ሰው ለጠፈ። ከነዚህ ውስጥ በዚያ ቁጠባ መኪና የደረሰው አንድም የለም። ፋብሪካው የጦር መኪና ማምረቻ ሆነ፤ ወደ 20,000 የሚደርሱ ሰዎች፣ ከማጎሪያ ሠፈር የመጡ እስረኞችና ከተያዙ አገሮች የተጋዙ ሠራተኞች፣ በግዳጅ ሠሩበት። ቆጣቢዎቹ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲሟገቱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ መኪና ላይ 600 ማርክ ቅናሽ ወይም በእጅ 100 ማርክ ተፈቀደላቸው። ስለ ቮልስ ውበት የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ገጽ በችኮላ ያልፉታል። በኔ አስተያየት ሞተሩን የሚያደንቅ ሰው ሞተሩ በማን ጉልበት እንደተጀመረ ማወቅ ግዴታው ነው።

ሌላው የሚያስደንቀኝ የ1945 ነገር ነው። ፋብሪካው በቦምብ ተመትቷል፣ ጀርመንም ተከፋፍላለች። ኃላፊነቱን የተረከበው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ ነው። ሠራዊቱ 20,000 መኪና አዘዘ። ካርቡራተር ግን የለም፤ ይመጣ የነበረው ከበርሊን ነበርና መንገዱ ተዘግቷል። ሰውየው ምን አደረገ? አንድ ካርቡራተር አስፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና «የትኛውን እኛ እንሠራለን፣ የትኛውን አንችልም?» ብሎ ለየ። ትልልቁ ፋብሪካው ውስጥ ተሠራ፤ ደቃቁ ደግሞ ብራውንሽቫይግ ከተማ ላለው ለፎይክትሌንደር ካሜራ ፋብሪካ ተሰጠ። ካሜራ ሠሪ የመኪና ካርቡራተር ሠራ። እንግዲህ ዕቃን መለየት ማለት ይህ ነው፤ ስሙን መጥራት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ መኪና ሠሪዎች ግን መኪናዪቱን መርምረው አልወደዷትም፣ ንድፏንም ናቁት። እ.ኤ.አ. በ1972 የካቲት ወር 15,007,034ኛዋ ተሠርታ የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ስትወጣ ጠቅላላው 21,529,464 ደርሶ ነበር። የናቋት ሰዎች ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ታዲያ ይህች የብርድ ልጅ አዲስ አበባ ስትገባ ወናፏ ለምን ወለቀች? የቀድሞ ሞተሮችን የሚያውቅ ሰው ብትጠይቁ፣ ከአሥር ቮልስ በስንቱ ላይ ይህች ዕቃ እንዳለች ሲነግራችሁ ይስቃል። የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «አፍሪካ ሙቅ ነው።» እስቲ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በስድስት ኪሎ በኩል ስትወርዱ አስቡት! ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ «አገራችን ሙቅ ነው» እንላለን። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመድረስ የሚነሣ ሞተር ነፋሱ ወለል ብሎ ከተከፈተበት ሳይሞቅ ይደርሳል። ያልሞቀ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ዘይቱን ያቀጥናል። ፒስቶኑ ከነቀለበቱ የሚያልቀው በዚህ ነው። ወደ አዋሽ ስትወርዱስ? 70 ዲግሪ ላይ ወናፊቱ ራሷ ሁሉንም ከፍታ ትጠብቃለች። በሙቅ አገር አንዳች አትቀንስም፤ በብርድ አገር ግን ትጠቅማለች። ስለዚህ ማውለቁ ትርፍ የሌለው ንግድ ይመስላል።

ለምን እንደወለቀች እኔ የደረስኩበት ሐሳብ የቋንቋ ነው። የጋራዣችን አማርኛ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ኮፋኖ፤ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ከመፍቻው ጋር ቀሩ፣ ብዙ ጣልያኖችም ጋራዥ ከፍተው እዚሁ ኖሩ። ቴርሞስታት የሚለው ቃል በዚያ አማርኛ ውስጥ የውሃ ዕቃ ነው። ውሃ በሌለበት ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? ቮልስ ደግሞ ጀርመን ናት። ቋንቋው ለዚህች ዕቃ ቦታ አልነበረውም። ስም የሌለው ዕቃ ከሞተር ሲወጣ ማንም አይናፍቀውም።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ሙሉ መስሎ ነበር፤ ለዚህች መጽሔትም እንዲሁ ጽፌ ላበቃ ስል የቴክኖው ልጅ ጠራኝ። የላሜራውን ቤት እያጠበ ነበር። «ና እይ፣ ሽቦ!» አለኝ።

የላሜራው ቤት የሞተሩ አልነበረም። ባለ ቀለበቱ ነው፣ የ1963ቷ መኪና የራሷ። ሞተሩ ሲለወጥ የድሮው ቤት በአዲሱ ላይ ተደፍቷል። ቀለበቱም አለ፤ ዝገት እንኳ ብዙ አልበላውም። ከላዩ በኩል አንድ ወፈር ያለ ሽቦ ቀለበቱን ከቤቱ አርቆ፣ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ታስሯል። ቀለበቱ እንዳይዘጋ ሆን ተብሎ ነው።

አስቡት እንግዲህ። ቀለበቱ በወናፏ እንደሚታዘዝ የማያውቅ ሰው ወናፏን አውልቆ ይሄዳል እንጂ ቀለበቱን በሽቦ አያስርም። ወናፏ ስትወልቅ ቀለበቱ ያለ ጌታ እንደሚቀር፣ ተዘግቶ ቢቀር ደግሞ ሞተር እንደሚገድል ያወቀ ሰው ነው ያን ሽቦ የጠመዘዘው። ያው ሰው ነው ነሐሷን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ያስቀመጣት። አልጣላትም። ሊመልሳት ነበር፣ ወይም የሚመልሳት ይመጣል ብሏል። ስለ ጣልያንኛው ያልኩት የብዙዎቹን ቮልሶች ዕጣ ይገልጽ ይሆናል፤ የዚህችን መኪና ግን አይገልጽም። እዚህ ጋ ዕውቀት ነበረ። የጠፋው ከሱ ወደኛ ሲተላለፍ ነው።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን፤ ጋራዣቸውን ዘግተው ቤት የሚውሉ ናቸው። ነሐሷን ገና ከጨርቁ ሳንፈታት በጣታቸው ዳስሰው ሳቁ።

«ጋሼ፣ ያውቋታል?»

«አሳምሬ! ስንቷን አውጥቻለሁ።»

«ስሟ ማነው?»

«ስም? ማን ስም አወጣላት! ‹ያቺ የምታብጠዋ› ነበር የምንላት።»

ለምን ያወልቋት እንደነበር ስንጠይቃቸው የሰጡን መልስ ከኔ የብርድ ስሌት የጠነከረ ነው። ወናፊቱ ብትበሳ ከፍታ እንደምትሞት ያውቃሉ። «እሷ አትከዳም» አሉ። «የሚከዳው ዘንጉና ማጠፊያው ነው። አፈርና ዘይት ይገባበትና ይጣበቃል። ሾፌሩ አያየውም፤ ከኋላ፣ ከላሜራው ሥር ነው። ከናዝሬት ስትመለስ ዳገቱ ላይ ነፋሱ እንደተዘጋ ከቀረ ሞተሩ አለቀለት። መለወጫ ዕቃ የለም፤ በደርግ ጊዜ ፒስቶን ለማግኘት ስንት ወር እንደሚጠበቅ እናንተ አታውቁትም ልጆቼ። በብርድ የሚያልቅ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚያልቅ፤ በሙቀት የሚሞት ባንድ ቀን ነው።» ከዚያም ጨመሩልን፦ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ የባሕር ዳርቻው አየር አራት አምስተኛ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩ በዚያው ዙር የሚያመጣው ነፋስ ቀላል ነው፤ ጥቂት መዘጋት እንኳ ይጎዳል።

ይህ ድንቁርና አይደለም። ሁለት ጉዳት አስቀምጦ ቀስ ብሎ የሚመጣውን መምረጥ ነው። ባለ መጽሐፉ ጀርመናዊ የጻፈው ዕቃ ሞልቶ ለተረፈበት አገር ነው፤ እሳቸው የሠሩት ፒስቶን በወረፋ ለሚገኝበት አገር ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እያንዳንዱ በቦታው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ወጣቱ መካኒክ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪኩ አዙሯል፤ ያዙር፣ እንጀራው ነው። እኒህ ሰውዬ የሚያውቁትን ግን ማንም እየጻፈው አይደለም። እኛ የታሪክ ክፍል ልጆች የደጃዝማች እገሌን የትውልድ ሐረግ ስንጽፍ እንከርማለን።

መመለስ ወይስ አለመመለስ በሚለው ላይ አራታችን ሁለት ሌሊት ተጨቃጨቅን። ኬሚስትሪውና እኔ ትመለስ አልን፤ ሁለቱ የቴክኖ ልጆች፣ ገራሚ ነው፣ የሽማግሌውን ወገን ያዙ። አጎትየው ዳኛ ሆኑ። «ዕቃ አሁን ይገኛል?» ብለው ጠየቁ። ይገኛል፤ አዲስ ወናፍ እንኳ ዛሬ በውጭ አገር ለአሮጌ ቮልስ እየተሠራ ይሸጣል። «እኔ የት ነው የምነዳት?» ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤት ገበያ። «ታዲያ ትግባ። ግን በየወሩ ዘንጉን ፈትሻችሁ ዘይት ቀቡልኝ፤ ሞተሬን እንዳትገድሉብኝ» አሉ። ዘንጉን ከወፍራም ሽቦ ቆርጠን ጥርስ አስወጣንለት። ማጠፊያውን በናፍጣ አጥበን በጣት ሲነካ የሚዞር አደረግነው። ነሐሷን ከማቀፊያዋ ላይ አስረን ሞተሩን ከመጫናችን በፊት ከሥሯ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አስጠጋን፤ ቀለበቱ እየተንቀራፈፈ ከቤቱ ራቀ። ውሃውን ስናነሣ ቆይቶ ተመለሰ።

መኪናዪቱ የተነሣችው መስከረም 14 ቀን፣ ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀራት ነው። ያን ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ሽቦ አልጣልነውም። በጨርቅ ጠቅለልነውና ጣሳዋ ውስጥ፣ ከመጠባበቂያ ጎማው ሥር አስቀመጥነው፤ ከሱም ጋር ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያስፈልግ በአማርኛ የጻፍንበት ወረቀት አለ።